ለቅሶ መስሎኝ የወጣሁበት ፎቅ

በኛ አገር ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የእድሩ ለፋፊ ማልዶ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ ቀጥሎ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ሰውም ገና ከመኝታው ሳይነሣ “ደግሞ ማንን ወሰደብን?” ይላል። ጥሩምባ ሌላ ትርጉም የለውም። እንግዲህ እኔ ጆሃንስበርግ፣ ያገራችን ነጋዴ በሞላበት ጀፕ መንገድ ላይ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ በልጄ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ባልኩበት ከፎቁ ጥሩምባ ሲነፋ ብሰማ፣ አስከትሎም ሴቶች ባንድ አፍ ሲያስተጋቡ ብሰማ፣ ምን ልበል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ ተነሣሁ።

ባዶ እጅ ለቅሶ አይኬድም። ጾም ስለነበር ለቁርሳችን የቀቀልኩት የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ነበረኝ፤ እሱን በሳህን አድርጌ ያዝኩ።

“እማዬ፣ ወዴት ነሽ?” አለችኝ ልጄ። ብርድ ልብስ ነው የምትነግደው፤ አንዱን ዘርግታ ለደንበኛ እያሳየች ነበር።

“ፎቅ ላይ ሰው ሞቷል።”

“ማን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ጥሩምባው ግን ተነፍቷል።”

ደንበኛዋ ዋጋ ስትጠይቃት ልጄ ፊቷን ከእኔ አዞረች። እኔም ደረጃውን ተያያዝኩት። ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ ነው፤ ደረጃው ላይ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ጉልበቴ ቢያመኝም እግሬ መሄድ አይፈራም። ከደሴ ወጥቼ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢ ኖሬያለሁ፤ በመጨረሻ ልጄ እዚህ አመጣችኝና አሁንም አላረፍኩም። ጀፕን ከዳር እስከ ዳር እዞረዋለሁ። አንዳንዴም ዕቃ የጫነ ታክሲ ላይ ተሳፍሬ ከከተማው ዳር አይቮሪ ፓርክ የሚሉት ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ፤ ለምንም አይደለም፣ ለማየት ነው። የዚህ አገር ሰዎች “ጎጎ” ይሉኛል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። እኔም “ሳውቦና” ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቋንቋ የለኝም፤ በፈገግታ ነው የምሞላው።

በሩ ክፍት ነበር። ክፍሉ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዎች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፤ መሐሉ ላይ ወንዶች ከበሮ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ቢጫ ቆልማማ ጥሩምባ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይነፋል። ንፍሮውን መሬት አስቀመጥኩ፣ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፋሁና ቀስ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው የሟቹን ማንነት ሳያጣራም ቢሆን ያለቅሳል፤ የራሱ ሟች አይጠፋውምና።

ከበሮው አንድ በአንድ ዝም አለ። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አልኩ።

ያኔ የልጅ ልጄ እያለከለከች ገባች። እናቷን ሱቅ ታግዛለች፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

“እማማ! ኦ ማይ ጎድ! ሪሃርሰል ነው እኮ!”

“ምንድን ነው እሱ?”

“ልምምድ! ባንድ ናቸው፣ ሙዚቃ እየተለማመዱ ነው! ማንም አልሞተም!”

“ታዲያ ሴቶቹ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?”

“አያለቅሱም፣ ኮረስ ነው፣ እየተቀበሉ ነው! ኧረ እማማ፣ አዋረድሽኝ!”

ለነሱም በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ከበሮ መቺዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ንፍሮውን አንሥቶ ቀመሰና ሳህኑን ለጓደኞቹ አዞረው። ሽማግሌው ብቻ አልሳቀም። ጥሩምባውን ከአፉ አውርዶ ሲያየኝ ቆየና ለልጅቱ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

“እማማ፣ ‘እንዴት አወቀች?’ እያለ ነው።”

“ምኑን?”

“ዘፈኑ ለሞተ ሰው ነው አለ። ሌጎስ እያሉ አብሮት ከበሮ የሚመታ ወንድሙ ነበር። የሚጫወቱበት ቤት ወታደሮች ገብተው ገደሉት። አስከሬኑን አልሰጡትም አለ።”

ንፍሮውን የያዘው ልጅ እንኳን ማኘኩን አቆመ።

እኔም “በይው፣ የኔንም አልሰጡኝም” አልኳት።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ሽማግሌው ናይጄሪያዊ ነው፤ የስፌት መኪና ይጠግናል፤ በወጣትነቱ በወታደሮች ዘመን ባገሩ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። የሙዚቃውን ስም የልጅ ልጄ አፍሮቢት ነው አለችኝ። “የድሮው ነው እማማ፣ የአሁኑ ልጆች የሚጨፍሩበት ሌላ ነው” አለችኝ። እኔ የስሙ ጉዳይ አልገባኝም። የገባኝ ሌላ ነው፤ ግን እሱን ለመናገር መጀመሪያ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ።

እናቴ አልቃሽ ነበረች። ደሴና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የምትጠራው እሷ ነበረች። ለቅሶ ቤት ትደርስና ሙሾ ከማውጣቷ በፊት ከሟቹ ዘመድ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ረዳ፣ ማን በደለው? ከዚያ ተነሥታ ታወጣለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። የበደለው ሰው እዚያው ተቀምጦ ከሆነ በግጥሟ ትነካዋለች። ያ ሰው ከለቅሶ መሐል ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ነውር ነው። ዳኛ የማይሰማው አቤቱታ በእናቴ አፍ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወታደሮቹ መጡ። ወንድሜ ተማሪ ነበር፤ ጢም እንኳን አላበቀለም። ወሰዱት። በሳምንቱ ገድለው መንገድ ዳር አስተኝተውት ተገኘ። ልናነሣው ብንሄድ የሚያስጠጋን እንኳን አጣን፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አላወቅንም። እናቴ ከቤት ገብታ መቀነቷን አጥብቃ ልታወጣ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ጠመንጃ ይዟል። አባቱ የሞተ ጊዜ ሙሾ ያወጣችው እናቴ ናት። አልተቆጣም፣ አልሰደበም። በትሕትና አጎንብሶ “እናቴ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፤ ከውጭ ሰው ይሰማል” አላት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጠቅልላ፣ በእጇ እየገፋች። ከዚያች ቀን ወዲያ ለማንም አላወጣችም። ሰው ሲሞት መጥተው ይለምኗታል፣ “ድምፄ ሄዷል” ትላቸዋለች። ከጊዜ በኋላ መጥራቱንም ተዉት።

ቀጥሎ መሠረተ ትምህርት መጣ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄድኩ ፊደል ቆጠርኩ። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የሰጠኝ ያው ወንድሜን የበላው መንግሥት ነው። ላመስግን ወይስ ልራገም? ይኸው አርጅቼም አላወቅሁም።

እና ፎቅ ላይ ያን ሙዚቃ ስሰማ የገባኝ ይህ ነበር፤ የሽማግሌው ሥራ የእናቴ ሥራ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የበደለው ይነካል። ልዩነቱ የሱ ሙሾ ወገብ ማስነቅነቁ ነው። ዘፈኑ ቶሎ አይናገርም። ከበሮው ይጀምራል፣ ጥሩምባው ይገባል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል፤ “ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚዘፍነው?” እስክትል ያቆይሃል። መጀመሪያ እግርህን ይይዛል፣ ከያዘህ በኋላ ነው ነገሩን የሚነግርህ። ያኔ ደግሞ ወዴት ትሄዳለህ? የኛዎቹ ወታደሮች በራዲዮ ሌት ተቀን ማርሽ ያሰሙን ነበር። ማርሽ ሰውን ሁሉ ባንድ እግር ያስኬዳል። የሽማግሌው ከበሮ ግን አንዱን እግር ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ነው የሚያደርገው። በሱ ምት ማንም መሰለፍ አይችልም።

እሁድ እሁድ መውጣት ጀመርኩ። ልጅቱ ግጥሙን ትተረጉምልኛለች። አንዱን ራሱ ነው ያወጣው፤ ስለ አንድ ጄኔራል ነው።

“ቤቱን ማን ሠራለት?” ይላል ሽማግሌው።

“እኛ!” ይላሉ ሴቶቹ።

“በሩን ማን ዘጋብን?”

“እሱ!”

“ቁልፉ የት ነው?”

እዚህ ላይ ሴቶቹ አይመልሱም፤ ጥሩምባው ብቻ ነው የሚመልሰው። 

ከተቀባዮቹ አንዷ የሶዌቶ ሴት ናት፣ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ የኔ እኩያ። አንድ ቀን “እኛ ደግሞ ቀብር ላይ ነበር የምንዘፍነው” አለችኝ በልጅቱ በኩል። “ሬሳ ተሸክመን እየዘፈንን ስንሄድ ፖሊስ ይተኩስብናል። አንዱን ልንቀብር ሄደን የሌላውን ይዘን እንመለስ ነበር።”

“ግን ዘፈናችሁ” አልኳት።

“ታዲያስ ጎጎ! ዝም ብለን ልንቀብር ነው?”

ያን ቃል ይዤ ወረድኩ። እኛ ዝም ብሎ መቅበሩን እንኳን አላገኘንም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ናይሮቢ ነበርኩ፤ ለቅሶዋን አልደረስኩም። ወንድሜን ጮክ ብሎ ያለቀሰለት ሰው በምድር ላይ የለም። እኔ ከሞትኩ ደግሞ መኖሩን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ሳልሞት ለወንድሜ ለቅሶ አስቀምጣለሁ። በድንኳን፣ በቋንቋዬ፣ ያገሬ ሰው እየተቀበለኝ።

ድንኳኑ ያለው እድሩ ዘንድ ነው። ጀፕ ላይ ያገር ልጅ ሲሞት እድሩ ድንኳንና ወንበር ያወጣል፣ አስከሬን ወዳገር የሚላክም ከሆነ ይልካል፤ ነጋዴውም ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሱቁን መዝጊያ ያወርዳል። የልጄ ባል የሞተ ጊዜ ያ መንገድ በሙሉ መዝጊያው ወርዶ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ወገን ያለኝ መስሎኝ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ የድሮ ወታደር ነው። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ኬንያ ገብቶ ከዚያ እዚህ የደረሰ ነው፤ እስካሁን ሻምበል ነው የሚባለው። ጠዋት ጠዋት ሌላ ፎቅ ላይ ካለች አንዲት ምግብ ቤት ከኮሚቴው ጋር ቁርስ ይበላል። ሄድኩ። ሲያየኝ ብድግ አለ።

“ኧረ እትዬ! ኖር! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣ ለእናታችን!”

“ሻምበል፣ ድንኳን ፈልጌ ነው የመጣሁት።”

“ውይ! ማን ዐረፈብዎ?”

“ወንድሜ።”

“እኔን አፈር ይብላኝ! መቼ ተረዱ?”

“ተረድቼስ ቆይቻለሁ። በደርግ ጊዜ ነው የሞተው።”

ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አደረገው። ከጎኑ ጅምላ አከፋፋይ የሆነ የስልጤ ሰው፣ ሁላችንም ሐጂ የምንለው፣ ቀና ብሎ አየኝ።

“እትዬ፣ ቀለዱብኝ?” አለ ሻምበሉ።

“በወንድሜ አልቀልድም።”

“እድሩ እኮ ለአዲስ ለቅሶ ነው። ይሄማ… ይሄማ ያረጀ ነገር ነው።”

ሐጂው ሻዩን እያማሰለ “ያልተለቀሰለት ሰው አያረጅም ሻምበል” አለ።

“ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ አይጨምሩበት እንጂ!” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገው። “እትዬ፣ ይስሙኝ። ዛሬ ለእርስዎ ወንድም ድንኳን ብተክል ነገ ሌላው ይመጣል። የአንዱን ወንድም የኛ መንግሥት ገድሎታል። የአንዱን ከኛ በኋላ የመጣው። የአንዱን ደግሞ ትናንት ገድለውበታል፤ ስልኩ ውስጥ ፎቶውን ይዞ ይዞራል። እዚህ ሁላችንም ያለን አንድ ድንኳን ነው። ገዳይ መቁጠር ከጀመርን በሳምንቱ ይቀደዳል።”

“የኛ መንግሥት” ሲል ሰማሁት። ያመለጠው አልመሰለውም፣ እኔም አላነሣሁበትም።

“እኔ ገዳይ አልቆጥርም” አልኩት። “ማልቀስ ነው የምፈልገው።”

“ታዲያ ቤትዎ ያልቅሱ። ማን ከለከለዎ?”

“ቤቴማ ዕድሜዬን ሙሉ አለቀስኩ። የመጣው ሁሉ ይምጣ ሻምበል፤ ሁሉም በየተራው ያልቅስ። ድንኳኑስ ለምኑ ነው?”

“እድሩ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም፣ እትዬ። ደንባችን ነው።”

“ወንድሜ ልጅ ነበር። ፖለቲካ አልነበረም።”

“ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት” አለ። “ሻይዎ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጡት።”

ሐሰት አልተናገረም፤ መራራው እሱ ነው። ውሸት ቢናገር ትቼው በወጣሁ። በየሱቁ ስዞር እኔም አየዋለሁ፤ አንዱ ያንዱን ዜና በስልክ ሲሰማ ሌላው ፊቱን ያዞራል፤ የሚያስታርቃቸው ደንበኛ ሲገባ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያንገበግበኛል፤ ስለ መከፋፈል ያን ያህል የሚጨነቀው ሰው፣ ዝም በሉ የሚለው የሞተባቸውን ብቻ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደርሶ ነበር። ልጄ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ጠበቀችኝ።

“እማዬ፣ ምን አድርጊ ብዬሽ ነው ሻምበል ጋ የሄድሽው?”

“ድንኳን ልጠይቅ።”

“እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ቆሜ የሸጥኩት በማን ደጃፍ ነው? የዘረፉኝ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ማን አብሮኝ ዋለ? ባሌ ሲሞት ያን ድንኳን ማን ነው የተከለው? እሳቸው በእጃቸው! ካስማውን ሲመቱ አላየሽም?”

“አይቻለሁ። እግዜር ይስጠው።”

“ታዲያ ምን አደረጉሽ?”

“እሱ እኔን ምንም አላደረገኝም ልጄ። አጎትሽን…”

“የማላውቀው ሰው ነው!” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። “እማዬ፣ አላውቀውም። ፎቶው እንኳን የለም። አንቺ ለሞተ ሰው ብለሽ በሕይወት ያለሁትን ልትቀብሪኝ ነው?”

እኔ ነኝ ያልነገርኳት። እናቴ ዝም አለች፣ እኔ ከእናቴ ተማርኩ፣ ልጄ ከእኔ። ዝምታ እንደ ርስት ሲወራረስ እዚህ ደረሰ። ብርድ ልብሶቹን አጣጥፌላት ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ለሽማግሌው ነገርኩት። ልጅቱ ስትተረጉምለት አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ።

“እዚሁ እናድርገዋ” አለ። “ቤት አለኝ፣ ጥሩምባ አለኝ። ምን ይጎድለናል?”

“ተቀባይ” አልኩ። “ሙሾ ተቀባይ ከሌለው ከማጉረምረም አይለይም።”

የሶዌቶዋ ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ “እኛ ምንድን ነን ታዲያ? በር ላይ የቆምን ዕቃ ነን?” አለች። ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን “ወይ ወንድሜ” ማለት አስተማርኳቸው። ሁለት ቃል ናት። የሶዌቶዋ ወዲያው ያዘችው። ትርጉሙን ልጅቱ ስትነግራት “እሱንማ አውቀዋለሁ” አለች፤ ለሁለት እሁድ ያህል ካፏ አልጠፋም፤ ንፍሮ ስትበላ እንኳን “ወይ ወንድሜ” ትላለች።

ለቅሶው የዋለው እሁድ ከሰዓት ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ወገቤን በመቀነት አስሬ ወጣሁ። ልጄ ሱቋን ከፍታ ነበር። ሳልፍ አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች። ላገሬ ሰው ሁሉ በየሱቁ እየዞርኩ ነግሬ ነበር። “እንመጣለን እማማ” ያላለኝ የለም። የመጣው ሐጂው ብቻ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ “እኛ አገር የጎረቤት ለቅሶ አይቀርም” አለና ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ነፋ። ብቻውን፣ ያለ ከበሮ። ልክ እንደ እድሩ ለፋፊ፤ መጀመሪያ ጥሩምባ፣ ከዚያ ስም። ስሙን እኔ ጠራሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ ያን ቀን ጮክ ብዬ ጠርቼዋለሁ፣ ይበቃዋል። ከበሮው ቀስ ብሎ ገባ፤ እኔም ከእናቴ አፍ የቀረውን አወጣሁ።

“እንደ ሰው ተወልዶ እንደ ውሻ ቀረ፣
እናቱ ሳታውቅ ማን እንደቀበረ።”

“ወይ ወንድሜ!” አሉ ሴቶቹ። ባነጋገራቸው ቃሉ ቢጣመምም ለቅሶው ቀጥ ያለ ነበር። ጥሩምባው ከሥራቸው ተነሥቶ ከጣሪያው በላይ ሄደ። ሐጂው በክንዱ ዓይኑን ሸፈነ። የልጅ ልጄ፣ አዋረድሽኝ ያለችኝ ልጅ፣ ከሴቶቹ መሐል ገብታ ትቀበላለች።

ያኔ ሻምበሉ በሩ ላይ ታየ።

ለምን እንደመጣ አላውቅም። ጥሩምባው ጠርቶት ይሆናል፤ ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ ለኛ ሰው ከባድ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እኔ መጀመሪያ ቀን በተቀመጥኩበት ቦታ፣ ተቀመጠ። እኔም እንደ እናቴ አደረግሁ፤ ወደ እሱ ዞርኩና አወጣሁ።

“ወገኔ ያልኳቸው ድንኳን ነፈጉና፣
ባዳው አለቀሰ ጥሩምባ ነፋና።”

አንገቱን ደፋ። አልተነሣም፤ ወጉን ያውቃል። ሴቶቹ ሲቀበሉ፣ ከበሮው ሲዞር፣ ጥሩምባው ሲመለስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሰማ። በልቤ ጠበቅሁት። ሌላ አልፈለግሁም። ‘የት ወደቀ?’ ቢለኝ። ‘ስሙን ድገሚልኝ’ ቢለኝ። ‘እኔም ያን ጊዜ ነበርኩ’ ቢለኝ እንኳን ተነሥቼ አቅፈው ነበር።

ትንፋሽ ለመውሰድ ስናቆም ተነሣ። ወደ እኔ መጥቶ በትሕትና አጎነበሰ።

“እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ እትዬ።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ፤ አፍ ለለቅሶ የለመደው መልስ ነው።

“ድምፁን ግን ቀነስ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ከታች ሰው ይሰማል።”

በክፋት አላለውም። እሱ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። ባርኔጣውን ደፋና ወረደ።

እጄ ሳላዝዘው ነጠላዬን ይዞ ወደ አፌ ሲመጣ አየሁት። የጥጡ ጣዕም ምላሴ ላይ ደርሷል። እናቴ ይህን ጣዕም ይዛ ነው እስከ መቃብሯ የሄደችው። ነጠላውን ከአፌ አወጣሁ፣ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ሽማግሌው አማርኛ አይችልም፤ ሻምበሉ ምን እንዳለኝ ግን ተርጓሚ አላስፈለገውም። ጥሩምባውን ይዞ ያየኛል። እጄን ወደ ላይ አነሣሁለት።

ነፋው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ወደ መስኮቱ ሄጄ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ደግሜ አወጣሁ፤ ሴቶቹም ከኋላዬ ተቀበሉኝ።

ታች ጀፕ እንደወትሮው ነው። ታክሲዎች ዕቃ ይጭናሉ፤ ተሸካሚዎች ይጯጯሃሉ። ልጄ ደጃፏ ላይ ቆማ ለደንበኛ የዘረጋችውን ብርድ ልብስ ታጥፋለች። ቀና አላለችም፤ ግን እጇ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ግማሹ ሳይታጠፍ ተንጠልጥሏል። ሰምታለች። መንገዱ በሙሉ ሰምቷል። ከሐጂው ሱቅ በቀር አንድም መዝጊያ አልወረደም።